ሜምኖንን ሰማሁ

በ92 ዓ.ም. ማርች 14 ቀን ማለዳ፣ የግብፅ ሮማዊ አገረ ገዥ ቲቶስ ፔትሮኒዩስ ሴኩንዱስ በዛሬዋ ሉክሶር ትይዩ፣ ከናይል በስተምዕራብ ባለው ሜዳ ላይ፣ ከአንድ ግዙፍ የድንጋይ ሐውልት እግር ሥር ቆሟል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሐውልቱ ዙፋን ላይ የተቀመጠ ሰው ነው፤ ከወገቡ በላይ ያለው አካሉ ግን ተሰብሮ ወድቋል። ሴኩንዱስ ሮምን ስንዴ የሚያበላውን አገር በንጉሠ ነገሥቱ በዶሚቲያን ስም የሚገዛ ባለሥልጣን ነው። ያን ጠዋት የሚጠብቀው ድንጋዩ ድምፅ እንዲያሰማ ነበር። ፀሐይ ወጣች፤ ድንጋዩም ጮኸ። አገረ ገዥው በሐውልቱ እግር ላይ በላቲን አስቀረጸ፦ ዶሚቲያን ለ16ኛ ጊዜ ቆንስል በሆነበት ዓመት ሜምኖንን በአንደኛው ሰዓት እንደሰማ፣ በግሪክኛ ስንኝም እንዳከበረው። ስንኙም ከሥሩ ተከትሏል። ጽሑፉ ዛሬም ከድንጋዩ ላይ ይነበባል።

ቀኑን ላቲኑ የሚጠራው «ፕሪዲዬ ኢዱስ ማርቲያስ» ብሎ ነው። ኢዱስ ሮማውያን ለወሩ አጋማሽ ያወጡት ስም ሲሆን በማርች 15ኛው ቀን ላይ ይውላል። ዩሊየስ ቄሣር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት በሴናተሮች ጩቤ የተገደለው በዚሁ ዕለት ነውና፣ የማርች ኢዱስ ሲባል እስከ ዛሬ የክፉ ቀን ስም ሆኖ ይነሳል። ሮማውያን ቀን ሲቆጥሩ ያለፈውን አይደምሩም፤ ወደሚመጣው ዕለት እያዩ ይህን ያህል ቀረው ይላሉ። «ፕሪዲዬ» ዋዜማ ነው። አገረ ገዥው ድንጋዩን የሰማው እንግዲህ በኢዱስ ዋዜማ ነበር።

በግብፅ ግን ቀን የሚቆጠረው በሌላ መንገድ ነው። እያንዳንዳቸው 30 ቀን ያላቸው 12 ወሮች፣ በመጨረሻም 5 ትርፍ ቀኖች ነበሩ፤ በየአራት ዓመቱ ስድስተኛ ቀን እንዲጨመር የተደነገገው በአውግስጦስ ቄሣር ዘመን ነው። ይህ የእስክንድርያ አቆጣጠር ይባላል፤ የእኛም ዓመት የቆመው በእርሱ ላይ ነው። ፋሜኖት የሚሉት ሰባተኛ ወራቸው መጋቢታችን ነው። የሴኩንዱስን ማለዳ በዚያ አቆጣጠር ብናሰላው መጋቢት 18 ላይ ያርፋል፤ በእኛ የዘመን ቁጥር 84 ዓ.ም. መሆኑ ነው።

ሰዓቱም እንደዚሁ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ድንጋዩ ላይ የተጻፈው «ሆራ ፕሪማ»፣ አንደኛው ሰዓት፣ ነው። ሮማውያን የቀኑን ብርሃን ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ በ12 ይከፍሉት ነበርና ስድስተኛው ሰዓት ሲያልቅ ቀትር ይሆናል። የሰዓታቸው ርዝመት በበጋና በክረምት ይለዋወጣል እንጂ አጀማመሩ የእኛው ነው። አውሮፓዊ አንባቢ ወንጌል ላይ ስድስተኛ ሰዓት የሚለውን ሲያገኝ ማስታወሻ ይፈልጋል፤ እኛ ግን ዝም ብለን እናነበዋለን። በስልካችን ላይ ያለው «ኤ.ኤም.» እና «ፒ.ኤም.» እንኳ ላቲን ነው፦ «አንቴ ሜሪዲዬም» ከቀትር በፊት፣ «ፖስት ሜሪዲዬም» ከቀትር በኋላ። ጠበቃው አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ሲያቀርብ «ሃቢየስ ኮርፐስ» ይላል፤ ሥራ ፈላጊው ሲቪ ይዞ ይዞራል፤ ፖለቲከኛው ስለ «ስታተስ ኮ» ይናገራል። ላቲን በየቀኑ አጠገባችን ያልፋል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከዚህ የበለጠ ቅርብ የሆነው ነው፤ ምክንያቱም አገረ ገዥው ሊሰማው የሄደው ሰው በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ ነበር።

የንጋት ልጅ

የሜምኖን እናት ኤኦስ ናት፤ የንጋት አምላክ። አባቱ ቲቶኖስ ደግሞ የትሮይ ንጉሥ የፕሪያም ወንድም፣ ሟች ሰው ነው። ኤኦስ ወደደችው፤ እንዳይሞትባትም ዜውስን ለመነች። ዜውስ እሺ አላት። እርሷ ግን ዘላለም እንዲኖር ስትለምን ዘላለም ወጣት እንዲሆን መለመኑን ረሳችው። ቲቶኖስ ሸበተ፣ ጎበጠ፣ እጅና እግሩን ማንሳት አቃተው፤ ሞት ግን አልመጣለትም። በመጨረሻ አንድ ክፍል ውስጥ አስተኝታ በሩን ዘጋችበት፤ ከውስጥ የማያቋርጥ ድምፁ ብቻ ይፈስሳል። ግሪኮች በአማልክቶቻቸው ላይ ከተረኩት ሁሉ እንደዚህ የሚያሳዝን ያለ አይመስለኝም፤ ክፋት የለበትም፤ ፍቅር አለበት፣ ከልመናው ላይ የጎደለ አንድ ነገር አለ።

ልጃቸው ሜምኖን አድጎ በኢትዮጵያውያን ላይ ነገሠ። የትሮይ ጦርነት ሲጋጋል የትሮይ ጋሻ የነበረው ሄክቶር በግሪኮቹ ጀግና በአኪሌስ እጅ ሞተ፤ ከተማዋም ተስፋ ቆረጠች። በዚህን ጊዜ ሜምኖን ሠራዊቱን አስከትሎ ለአጎቱ ለፕሪያም ሊደርስለት መጣ። የጦር ዕቃውን የሠራለት የአማልክቱ አንጥረኛ ሄፋይስቶስ ነው። የአኪሌስንም ጋሻ የሠራው እርሱ ነበር። ሆሜር ይህን ውጊያ አልተረከውም፤ የኢሊያድ ታሪክ የሚያበቃው በሄክቶር ቀብር ነው። በኦዲሴ ግን ሜምኖን ሁለት ጊዜ ጠቆም ተደርጓል፤ አንዴ ወደር የሌለው መልከ መልካም ተብሎ፣ አንዴም የኔስቶርን ልጅ የገደለ የንጋት ልጅ ተብሎ። የሜምኖንን ውጊያ የሚተርክ «አይቲዮፒስ» የሚባል ግጥም ነበረ፤ ጠፍቶ ዛሬ የሚገኘው ማጠቃለያውና ጥቂት ቁርጥራጩ ነው።

ከዚያ ቅሪትና በኋላ ከመጡ ጸሐፊዎች የምናገኘው ታሪክ እንዲህ ነው። ከግሪኮቹ ወገን የሆነው ሽማግሌው ኔስቶር በሠረገላው ላይ ሳለ የትሮዩ ልዑል የፓሪስ ፍላጻ ከፈረሶቹ አንዱን መታበት፤ ሠረገላው ቆመ። ሜምኖን ጦሩን ይዞ ወደ ሽማግሌው መጣ። ኔስቶር ልጁን ተጣራ። አንቲሎኮስ ሮጦ በአባቱና በሜምኖን መካከል ገባ፤ አባቱን አተረፈ፣ እርሱ ሞተ። አንቲሎኮስ የአኪሌስ ወዳጅ ነበርና አኪሌስ ደም ሊመልስ ወጣ። ሁለቱም ከአምላክ እናት የተወለዱ ናቸው፤ አንዱ ከኤኦስ፣ አንዱ ከባሕሯ ከቴቲስ። ሁለቱ እናቶች ዜውስ ፊት ቀርበው ስለየልጆቻቸው ይለምናሉ። ዜውስ ሚዛን አንሥቶ የሁለቱን ነፍስ መዘነ። የሜምኖን ወገን ዝቅ አለ።

ፓሪስ በሚገኘው የሉቭር ሙዚየም ዱሪስ የተባለ የአቴና ሠዓሊ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ490 እና በ480 ዓመታት መካከል ገደማ ሥዕል የሳለባት አንዲት የሸክላ ጽዋ አለች። ጽዋዋ የወይን መጠጫ ናት፤ ሥዕሉ ያለው ከውስጧ ወለል ላይ ስለሆነ ጠጪው ጨልጦ ሲጨርስ ያየዋል። ክንፍ ያላት ኤኦስ ጎንበስ ብላ የሞተ ልጇን በሁለት እጇ ታቅፋለች። ሜምኖን ራቁቱን ነው፤ ቁመቱ የክቡን ስፋት ሞልቶታል፣ እጆቹ ወደታች ተንጠልጥለዋል። የሠዓሊውና የሸክላ ሠሪው ስም ከጎን ተጽፏል። የጥበብ ታሪክ ጸሐፊዎች የሜምኖን ፒዬታ ይሏታል፤ ማርያም ልጇን ከመስቀል ከወረደ በኋላ የታቀፈችበትን ሥዕል ስለምታስታውስ ነው። ጽዋዋ ግን ከክርስትና 500 ዓመት ያህል ትቀድማለች።

ኤኦስ ለልጇ ዘላለማዊነትን ከዜውስ እንዳገኘች ይነገራል። ሮማዊው ገጣሚ ኦቪድ ደግሞ የሐዘኗን ፍጻሜ በሌላ መንገድ ያሳየናል፦ ኤኦስ ዛሬም ልጇን ታለቅሳለች፤ ማለዳ በምድር ላይ የምናየው ጤዛ እንባዋ ነው።

ድንጋዩ ለምን ጮኸ?

በሉክሶር ሜዳ ያለው ሐውልት የሜምኖን አይደለም። የፈርዖን አሜንሆቴፕ ሦስተኛ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ14ኛው መቶ ዓመት የነገሠው። ሐውልቶቹ ሁለት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 18 ሜትር ገደማ ይቆማሉ፤ የንጉሡ የመታሰቢያ ቤተ መቅደስ በር ጠባቂዎች ነበሩ። ቤተ መቅደሱ በምድር መንቀጥቀጥና በጎርፍ ፈርሶ ለዘመናት ድንጋዩ ለሌላ ሕንፃ ሲወሰድ ኖሯል። ሁለቱ በረኞች ግን በእርሻ መካከል ተቀምጠው ቀሩ። የአስዋን ግድብ ከመሠራቱ በፊት በየዓመቱ ጎርፉ ሜዳውን ሲያለብሰው የሚተወው ጥቁር አፈር አብዛኛው ከእኛ ደጋ ታጥቦ የወረደ ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአርኪዮሎጂስቷ በሁሪግ ሱሩዚያን የሚመራ ቡድን የቤተ መቅደሱን ቅሪት ከዚያው ደለል ውስጥ እያወጣ ይገኛል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ27 ዓመት አካባቢ የሰሜኑ ሐውልት በምድር መንቀጥቀጥ ለሁለት ተሰነጠቀ። ድምፁም ከዚህ በኋላ መሰማት ጀመረ። መልክዓ ምድር ጸሐፊው ስትራቦን ከጥቂት ዓመት በኋላ ከአገረ ገዥው ከአይሊዩስ ጋሉስና ከአጀቡ ጋር ሄዶ በአንደኛው ሰዓት ሰምቷል። መስማቱን ይመሰክራል፤ ከየት እንደመጣ ግን ሊምል አይፈልግም። ከመቀመጫው ይሁን፣ ከሐውልቱ ራሱ፣ ወይስ በዙሪያው ከቆሙት ሰዎች አንዱ ሆን ብሎ ያሰማው፣ አያውቅም፤ ድንጋይ በራሱ ይጮሃል ከማለት ሌላውን ሁሉ ማመን ይቀለዋል። ከ2,000 ዓመት በፊት በአጀብና በግርግር መካከል ቆሞ እንዲህ የጻፈን ሰው ማድነቅ ይገባል።

ከእርሱ በኋላ የመጣው ፓውሳንያስ ድምፁን የበገና ወይም የክራር አውታር ሲበጠስ ከሚሰማው ጋር ያመሳስለዋል። እርሱ ያቆየልን ሌላም ነገር አለ፦ የአገሩ ሰዎች፣ የጥንቷ ሉክሶር የቴብስ ነዋሪዎች፣ ይህ ሜምኖን አይደለም፣ የእኛው አገር ሰው ፋሜኖፍ ነው ይሉ ነበር። አሜንሆቴፕ ማለታቸው ነው። ከአሥራ አምስት መቶ ዓመት በላይ አልፎት፣ ፈርዖኖቹ ጠፍተው፣ ግሪኩና ሮማዊው ገዥ ተፈራርቆ፣ ሕዝቡ የድንጋዩን እውነተኛ ስም አልረሳም። እንግዶቹ ግን ሜምኖን ማለታቸውን አልተዉም፤ በንጋት የሚጮህ ድንጋይ ሲያገኙ የንጋትን ልጅ አሰቡ፤ በየማለዳው ለእናቱ ሰላምታ ያቀርባል አሉ።

ዛሬ ያለው ሳይንሳዊ ማብራሪያ ቀላል ነው። ሌሊት ቀዝቅዞ ጤዛ የጠጣ የተሰነጠቀ ድንጋይ፣ ድንገት የበረሃ ፀሐይ ሲያርፍበት ይሞቃል፤ በስንጥቁ ውስጥ ያለው እርጥበት ሲተን፣ ድንጋዩም ሲላቀቅ፣ ድምፅ ይወጣል። በዚህ ማብራሪያ መሠረት ድምፁን የሚያስነሳው ጤዛው ነው፤ ኦቪድ የእናትየዋ እንባ ያለው። ሁለቱ ተስማሙ ልል አይደለም፤ ተረቱ የተነገረው ስለዚህ ድንጋይ አይደለምና። ሆኖም ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያውቅ ሰው ከአንዱ ብቻ የማያገኘው ደስታ አለው፤ የጥንቱን ተረት መማር ለምን ይጠቅማል ለሚል ተማሪም እኔ የማሳየው ይህን ነው።

ግድግዳ የሆነ እግር

በሐውልቱ እግርና መቀመጫ ላይ ከመቶ በላይ የግሪክና የላቲን ጽሑፎች አሉ። አብዛኞቹ አጭር ናቸው፦ ስም፣ ማዕረግ፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ከዚያም «አውዲዊ ሜምኖኔም»፣ ሜምኖንን ሰማሁ። አገረ ገዥ፣ የጦር አለቃ፣ ዳኛ፣ ገጣሚ ጽፏል። የሦስተኛው ኪሬናይካ ሌጌዎን መቶ አለቃ የነበረው ሉኪዩስ ታኒኪዩስ ደግሞ በ80 እና በ81 ዓ.ም. እየተመላለሰ የሰማባቸውን ቀኖች በዝርዝር አስቀርጾ ሄዷል፤ ከአሥር በላይ ናቸው። በዚያ ሩቅ ጦር ሰፈር ያለ ወታደር፣ ሌሊት ተነሥቶ ንጋት ሳይቀድመው ሜዳው ላይ የሚደርስ፣ ሰምቶ የሚመለስ፣ ደግሞ የሚመጣ። ምን እንደሳበው አልጻፈም፤ ቀንና ሰዓት ብቻ።

በኖቬምበር 130 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሃድሪያን ራሱ መጣ። ጉዞው የሐዘን ጥላ አለበት፤ የሚወደው ወጣት አንቲኖስ ከሳምንታት በፊት ናይል ውስጥ ሰጥሞ ሞቷል። ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ሚስቱ ሳቢና፣ ከሳቢና ጋር ደግሞ ዩሊያ ባልቢላ የምትባል ገጣሚ አለች። ባልቢላ በአባቷ በኩል የኮማጌኔ የመጨረሻ ንጉሥ የልጅ ልጅ ናት። በመጀመሪያው ቀን ሜምኖን ዝም አለ። የሮም ንጉሠ ነገሥትና ንግሥት ቆመው ሲጠብቁ ድንጋይ ዝም ማለቱ ለአጀቡ አስጨናቂ ነው፤ ባልቢላም ዝምታው ውቧ ሳቢና እንደገና እንድትመጣለት ነው ስትል በስንኝ አመካኘችለት። በኋላ ድምፁ ተሰማ።

ባልቢላ በሐውልቱ እግር ላይ አራት ግጥሞች ትታለች፤ የተጻፉት ሳፎ ከ700 ዓመት በፊት በገጠመችበት በአዮሊክ ግሪክኛ ነው፤ በዘመኗ ማንም በማይናገረው። በአንደኛው ላይ ሜምኖንን የንጋትና የቲቶኖስ ልጅ ብላ ከጠራችው በኋላ፣ ወይም ካህናቱ እንደሚሉት የግብፁ ንጉሥ አሜኖት ትለዋለች። ሁለቱንም ስም አስቀመጠች፤ አንዱን ለማስቀረት ሌላውን አላጠፋችም። በእኔ ፍርድ በዚያ እግር ላይ ከጻፉት ሁሉ የበለጠ ያስተዋለችው እርሷ ናት።

ድምፁ የቆመው በሦስተኛው መቶ ዓመት መግቢያ አካባቢ ነው። የተሰበረው የላይኛው ክፍል በሮማውያን ዘመን በተጠረቡ ድንጋዮች በረድፍ በረድፍ እንደገና ተገነባ፤ ዛሬም አዲሱ ግንብ ከአሮጌው ወጥ ድንጋይ በግልጽ ይለያል። ብዙ ሊቃውንት ሥራውን በ199 እና 200 ዓ.ም. ግብፅን ለጎበኘው ለንጉሠ ነገሥት ሴፕቲሚዩስ ሴቬሩስ ይሰጡታል። ዓላማው ሜምኖንን ማክበር ከነበረ፣ ተጠግኖ ከቆመ በኋላ ሐውልቱ ዳግም አልጮኸም።

የትኛዋ ኢትዮጵያ?

ሜምኖን የኢትዮጵያ ንጉሥ ነበር ሲባል የእኛ አንባቢ ልቡ ይሞቃል፤ የእኔም ይሞቃል። ነገር ግን በጥንቃቄ ማየት አለብን። ሆሜር ኢትዮጵያውያንን ከሰው ሁሉ ሩቅ ያሉ፣ ከሁለት የተከፈሉ ሕዝቦች አድርጎ ያስቀምጣቸዋል፤ እኩሌታዎቹ ፀሐይ በምትወጣበት፣ እኩሌታዎቹ በምትጠልቅበት። ነውር የሌለባቸው ናቸው፤ ዜውስ አማልክቱን አስከትሎ ለ12 ቀን ግብዣቸው ላይ ይሄዳል፤ ፖሲዶንም ከእነርሱ ዘንድ ሳለ ነው ኦዲሴዎስ ወደ አገሩ የሚመለስበት መንገድ የሚከፈተው። ይህ የዓለም ዳርቻ እንጂ የካርታ አገር አይደለም። ሄሮዶቱስ የፋርሷን ሱሳ የሜምኖን ከተማ ይላታል። በኋላ የግሪኮች እውቀት ሲሰፋ ኢትዮጵያ የሚሉት በተለይ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን የኩሽን አገር፣ ዋና ከተማውን ሜሮዬን፣ ሆነ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በእስክንድርያ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ግሪክኛ የመለሱት ሊቃውንትም በዕብራይስጡ ኩሽ የሚለውን ኢትዮጵያ አሉት። የሸክላ ሠዓሊዎቹ ደግሞ የሜምኖንን ጭፍሮች በአፍሪካዊ መልክ እየሳሉ እርሱን ራሱን የግሪክ ጀግና አስመስለው ያቀርቡታል።

አንድሮሜዳም የኢትዮጵያ ልጅ ናት። አባቷ ንጉሥ ኬፌዎስ፣ እናቷ ካሲዮፔያ። እናትየዋ በውበት ከባሕር እንስት አማልክት እንበልጣለን ብላ ተኩራራች፤ ፖሲዶንም አገሪቱን የሚያጠፋ የባሕር አውሬ ላከ። ልጅቷ ለአውሬው መሥዋዕት ሆና ከዓለት ላይ ታሰረች፤ የሜዱሳን ራስ ቆርጦ ሲመለስ የነበረው ፔርሴዎስ አይቷት አዳናት። ቤተሰቡ በሙሉ ሰማይ ላይ ወጥቷል። በኅዳር ወር ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ወደ ሰሜን ያየ ሰው፣ አምስት ብሩህ ከዋክብት እንደተገለበጠ ንጉሡ ሠ ተደርድረው ያገኛል፤ ካሲዮፔያ ናት። ይሁንና ይህንኑ ተረት በዛሬዋ እስራኤል ወደብ በያፎ የሚያስቀምጡ የጥንት ጸሐፊዎችም አሉ።

በግሪኮቹ ኢትዮጵያና በእኛ መካከል ያለውን ልዩነት በግልጽ የሚያሳየኝ የሄልዮዶሮስ ልብ ወለድ ነው፤ «አይቲዮፒካ»፣ የኢትዮጵያ ታሪክ። የተጻፈው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው መቶ ዓመት ነው። ንጉሡ የሚኖረው በሜሮዬ ነው፤ ቤተ መንግሥቱ ከሜምኖንና ከአንድሮሜዳ ዘር ነኝ ይላል። መጨረሻው ላይ ከየአገሩ መልእክተኞች ስጦታ ይዘው ሲገቡ አክሱማውያን ይመጣሉ፤ ግብር ከፋዮች ሳይሆኑ ወዳጆች ተብለው፣ ቀጭኔ እየሳቡ። እንግዲህ በዚህ ግሪካዊ ዓይን ኢትዮጵያውያንና አክሱማውያን ሁለት ናቸው። ሜምኖን አያታችን ነው የሚል ይህን ገጽ መዝለል አለበት፤ እኔ መዝለል አልፈልግም። ለእኛ የሚተርፈው ከዚህ የጠነከረ ነው፤ አክሱማውያን በግሪክኛ የተጻፉ ብቻ አልነበሩም፤ እነርሱም በግሪክኛ ጽፈዋል።

አሬስ በአክሱም

በመጀመሪያው መቶ ዓመት የተጻፈው የቀይ ባሕርና የሕንድ ውቅያኖስ የነጋዴዎች መምሪያ በወደብ ከተማዋ በአዱሊስ ዙሪያ ያለውን አገር የሚገዛ ዞስካሌስ የተባለ ንጉሥ ይጠቅሳል። ለገንዘብ ቆጣቢ፣ በቀረው ግን ጨዋ፣ የግሪክንም ጽሕፈት የሚያውቅ ይለዋል። ሴኩንዱስ ሜምኖንን በሰማበት መቶ ዓመት በእኛ ወደብ ግሪክኛ የሚያነብ ንጉሥ ነበር ማለት ነው።

በስድስተኛው መቶ ዓመት፣ አፄ ካሌብ ወደ ሂምያር ሊዘምት በሚዘጋጅበት ጊዜ፣ ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ አዱሊስ ገባ። ከከተማው ዳር አንድ የእብነ በረድ ዙፋንና ከኋላው የቆመ የተጻፈበት ድንጋይ ነበር። ካሌብ የአዱሊስን ገዥ ጽሑፎቹ ተገልብጠው ይላኩልኝ አለው፤ ገዥውም ሥራውን ለኮስማስና ለባልደረባው ሰጠ። ኮስማስ ለራሱም ቅጂ አስቀረ። ድንጋዮቹ ዛሬ የሉም፤ የምናውቃቸው ንጉሡ ሊያነባቸው ስለፈለገ ነው። አንደኛው የግብፁ ንጉሥ የጰጥሎሚ ሦስተኛ ሲሆን ዘሩን ከሄራክሌስና ከዲዮኒሶስ ይመዝዛል። ዙፋኑ ላይ ያለው ደግሞ ስሙ የጠፋ የአክሱም ንጉሥ ነው፤ ድል ያደረጋቸውን አገሮች ዘርዝሮ፣ ዙፋኑን ለአሬስ ሰጥቶ፣ ለዜውስ፣ ለአሬስና ለፖሲዶን እንደሠዋ ይናገራል። ዜውስና ፖሲዶን በሆሜር ግጥም ወደ ኢትዮጵያውያን ግብዣ ይሄዱ ነበር፤ በአዱሊስ ስማቸው በእውነተኛ መሥዋዕት ላይ ተጠራ።

አክሱም ከተማ ውስጥ ያለው የንጉሥ ኢዛና ድንጋይ ግን ዛሬም ቆሟል። ጽሑፉ በግሪክኛ፣ በሳባ ፊደልና በግዕዝ ፊደል ነው። የቤጃን ዘመቻ ይተርካል፤ የንጉሡን ግዛቶች ይቆጥራል። በግዕዙ ሐበሻት የሚለውን ግሪክኛው የኢትዮጵያውያን ይለዋል። ሆሜር የዓለም ዳርቻ ላይ ያስቀመጠውን ስም አንድ የአክሱም ንጉሥ ለራሱ ሕዝብ በራሱ ድንጋይ ላይ አጻፈው፤ ስሙ በእርግጥ የእኛ መሆን የጀመረው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ጎብኚዎች ብዙ ጊዜ ስለ ሦስቱ ጽሕፈቶች ይነገራቸዋል፤ ግሪክኛው ምን እንደሚል ግን የሚነግራቸው ጥቂት ነው። ግሪክኛው ንጉሡን የማይሸነፈው አምላክ የአሬስ ልጅ ይለዋል፤ ለአሬስም አንድ የወርቅ፣ አንድ የብር፣ ሦስት የነሐስ ሐውልት አቁሟል። በግዕዙ የዚያ አምላክ ስም ማሕረም ነው። የአክሱም ጸሐፊ ለግሪክ አንባቢ ሲጽፍ ማሕረምን የሚተካ ስም መረጠ፤ ለመምረጥ ደግሞ አሬስ ማን እንደሆነ፣ የጦርነት አምላክ መሆኑን፣ በሚገባ ማወቅ ነበረበት።

ኢዛና ከዚያ በኋላ ክርስትናን ተቀበለ። በገንዘቦቹ ላይ የነበረው ጨረቃና ክብ ቀርቶ መስቀል ገባ። ግሪክኛውን ግን አልተወም፤ ከአክሱም የተገኘ ሌላ የግሪክኛ ጽሑፉ በእግዚአብሔር እምነት፣ በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ኃይል ብሎ ይጀምራል። የግዛቶቹ ዝርዝር እንደቀድሞው ይከተላል። የአሬስ ልጅ ይባልበት በነበረው ቦታ ላይ አሁን የተጻፈው የኤላ ዓሜዳ ልጅ፣ የክርስቶስ ባሪያ የሚል ነው።